እርማት

ከፖስታ ቤት በስተጀርባ፣ በጠባቡ ማተሚያ ቤት፣
ከአዳማ ፀሐይ ሸሽተን፣ ሦስት ሆነን ገባንበት።
ቬንትሌተሩ ይዞራል፤ ሙቀቱን ካንዱ ግድግዳ ወስዶ
ለሌላው ያቀብላል እንጂ፣ አያውቅም አንድ ቀን አብርዶ።

ናሙናው ጠረጴዛ ሙሉ፦ ወርቅ ቅቡ፣ ሪባን ያለው፣
እንደ በር ወለል የሚለው፣ እንደ ብራና የሚጠቀለለው፣
ልብ የተቀደደለት፣ ርግብ የታተመበት፤
አንዱማ ሲከፍቱት ይዘፍናል፣ ለካ ባትሪ አለበት።

«ጋሼ፣ ንካው እስቲ፣» አለች ፌቨን፣ «ደስ ሲል፣ ሲለሰልስ!»
እጄን ከኪሴ አላወጣሁም፤ አያምርበትም ጎሚስታ፣ ካርድ ሲዳብስ።
በኦሞ ብፈትገው፣ በነጭ ጋዝ ብዘፈዝፈው፣
ንጹሕ ወረቀት ካየ፣ ጣቴ ሳይፈርም አያልፈው።

ስንዱ ፖስታው ላይ ነች። «ከፍተው ለሚጥሉት፣ ብሩ ለምን ይፈሳል?
ደግሞ "ከነቤተሰብዎ" የምትለዋ ትውጣ፤ ሰው በሷ ይበዛል።
በእህቴ ልጅ ሠርግ ጊዜ፣ በዚህች ባንዲት ቃል ጦስ፣
ስንቱ ድስት ታጥቦ ተደፋ፣ ሙሽራው ገና ሳይደርስ!»

ፌቨን ሳቀች። ጥርሷ መሀል ፍንጭቷ ታየ።
የአባቷ ነው ይላሉ። ልክ ነው፣ አውቀዋለሁ፤
ግርማቸው በተሳቢ ወደ ጅቡቲ የወጣ ዕለት
ጎማዎቹን የነፋሁለት እኔ ነበርኩ። አሥራ ስምንቱንም።
ሒሳብ ስጠይቀው «ስመለስ» አለኝ።

እሷ ያኔ አራት ዓመቷ።

ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ይመታል፦
ባንድ ገጽ አማርኛ፣ በሌላው አፋን ኦሮሞ።
የኦብሳ አያት ከዴራ ናቸው የሚመጡት፤
«ጥሪው በቋንቋዬ ካልደረሰኝ ከደጄ አልነሳም» ብለዋል አስቀድሞ።

ማተሚያው አጉረመረመ፤ አንዲት ወረቀት ተፋ።
«እርማት ካለ በእስክሪብቶ ያመልክቱ፣» ብሎ ለኔ ሰጠኝ።
አነበብኩ፦

*አቶ ታረቀኝ ወልዴ እና ወይዘሮ ስንዱ አየለ
የልጃችን የፌቨን ታረቀኝ . . .*

ታረቀኝ።

ምን ያድርግ፤ ከላይ የሰፈረውን ስም አየ፣
እንደ ማንም ሰው ቤት መስሎት ከስሟ ኋላ አስከተለው።
ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል
ፎርሟን የሞላሁት እኔ ነኝ።
«ወላጅ / አሳዳጊ» ይላል፤ ከሥሩ «አንዱን ይሰርዙ»።
ሁልጊዜ አንዱን ሰረዝኩ።
ሁልጊዜ ያንኑ።

መብራት ሄደ።
ቬንትሌተሩ ቀስ እያለ ቆመ። ስንዱ እንኳ ዝም አለች።
ልጁ ጄኔሬተር ሊያስነሣ ወደ ጓሮ ሲሮጥ፣
ወረቀቱን እንደያዝኩ በድንግዝግዙ ቆምኩ።
ገመዱን ሲስብ ይሰማኛል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አልነሣ አለው።
ይቆይ፣ አልኩ በልቤ። ምን ያስቸኩለናል፣ ይቆይ።

በአራተኛው ተነሣ።

«ብዙ ስህተት አለው፣ ጋሼ?»
«አንዲት ቃል ናት፣» አልኳት።
ስሜን ባንድ መስመር ሰረዝኩ። ከበላዩ፣ ፊደሉ እንዳይምታታ፣
እየለየሁ ጻፍኩ፦ ግ ር ማ ቸ ው።
የጎማው ሒሳብ ላይ ይቺም ትደመርበት።

አዲሱ ታተመ፤ አማረ። ልጁ የተሰረዘውን
ሊጨመድደው እጁን ሲሰድ፣
«ለኔ ተወው፣» አልኩት፣ «ጀርባው ባዶ ነው፣ ለሒሳብ ይሆነኛል።»
አጥፌ ሸሚዝ ኪሴ ከተትኩት።
ከመስመሩ ሥር ስሜ አሁንም ይነበባል፤
ከጎኑ የአውራ ጣቴ ጥቁር አሻራ፣
ቀበሌ እንደሚያስፈርመው፣ ደህና አድርጎ አርፏል።

ስንዱ ገና ፖስታው ላይ ነች።