ትንንሽ መስቀሎች

ቫልዲቪያ ላይ ሰው «ዝናብ መጣ» አይልም፤
ሄዶ አያውቅምና መምጫ የለውም።
ከወንዙ ዳር ገበያ፣ ከዓሣ ሻጮች እግር ሥር
ሲጮኹ ይውላሉ የባሕር አንበሶች፣ ደጅ እንደሚጠና ባለ ነገር።
እኛ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ መብራት ባጠፋንበት
ሌላ ዝናብ እናያለን፣ የሰው ገላ ሰማይ የሆነለት፤
የድምፅ ዝናብ ነው። ገብቶ፣ ነክቶ፣ ተመልሶ
ያየውን ይናገራል፣ ግማሹን አድበስብሶ።

ዶክተር ኤልቪራ ካትሪላፍ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ
በዚህ ጨለማ የሴቶችን ጡት ያነበበች፣
ቀዝቃዛውን ቅባት በመዳፏ አሙቃ
«ይቅርታ፣ እህቴ» እያለች፣
«ይኸኛው ደግ ነው» ትለኛለች፣ «ይኸኛው ክፉ።»
በምን አወቅሽ?
«በጠርዙ። ደጉ ልሙጥ ነው፤ ይቧጥጣል ክፉው።»
ትንሽ ዝም ትልና፣ «ደግሞም ዝም ብዬ አውቀዋለሁ።»
ዝም ብሎ ማወቅን በየትኛው ቁጥር እጽፈዋለሁ?

አራት ሺህ ሥዕል ሰጠችኝ፣ እያንዳንዱን ከነፍርዱ።
ፊደል እንደሚያስቆጥሩት ሕፃን
ኮምፒውተሩን ሌት ተቀን አስጠናሁት፤
ሲስት በቁጥር ገረፍኩት።
ከንብርብር አእምሮው አንዱን ክር አላልቶ፣ ሌላውን አጥብቆ
ደግሞ ያያል፣ ደግሞ ይፈርዳል፣ ካለፈው ጥቂት አውቆ።

በሰኔ መጨረሻ፣ ከመቶ ዘጠና ሰባት!
ኬክ ተቆረሰ። ጋዜጠኛ መጣ፣ ፎቶ ተነሣን በኩራት።
ኤልቪራ ብቻ አልበላችም። ሹካዋን አስቀምጣ
«እስቲ» አለች፣ «ማንም ያልነካው ሥዕል ይምጣ።»

የመጣችው ኦርቴንሲያ ነበረች፣ ዓሣ ሻጯ፤
ሽምብራ የሚያህል ነገር፣ ከግራ ጡቷ ግርጌ።
ኤልቪራ አንዴ አይታ ከንፈሯን ነከሰች።
ኮምፒውተሩ፦ «ደግ። ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ።»
ቀጥሎ ስድስት ሴቶች። ሁሉም ደግ።

የት ነው የምታየው? አልኩት በዚያች ሌሊት።
ዓይኑ ያረፈበትን በቀይ ቀባልኝ።
እብጠቱ ላይ አይደለም።
ጠርዙም ላይ አይደለም።
መስቀሎቹ ላይ ነው፤
ሐኪም የጠረጠረውን ሲለካ፣ ከዳር እስከ ዳር
ሥዕሉ ላይ የሚተክላቸው ነጫጭ፣ ትንንሽ መስቀሎች።

ደጉን ማን ይለካዋል? አይቶት ያልፋል እንጂ።
የለካነው የፈራነውን ነው።
እሱም ማኅተሙን አይቶ፣ ደብዳቤውን ያነበበ መሰለው፤
የተማረው ሕመሙን ሳይሆን የኤልቪራን ስጋት ነው።

ስነግራት ሳቀች። ሳቋም ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።
«ሠላሳ አንድ ዓመት» አለች፣ «አንድም ሰው እጄን
እንዲህ ቀረብ ብሎ አላየልኝም ነበረ።»

መስቀሎቹን ልነቅል ሞከርኩ፣ እንደ መቃብር ሌባ፤
የነቀልኩበት ጠባሳ ራሱ ምልክት ሆነ፣ እሱንም አጠና።
ስለዚህ ከ«ሀ» ተጀመረ። ሴቶቹ ተጠሩ፤
ከኒየብላ በአውቶቡስ፣ ከኮራል በጀልባ፣
እርጥብ ካፖርታቸውን ሚስማር ላይ ሰቅለው ተራ ጠበቁ።
ከዓመት በኋላ፣ ሰማንያ አራት። ኬክ የለም።
ቀዩ ግን አሁን ጠርዙ ላይ ይሄዳል፣ ክፉው በሚቧጥጥበት፣
እንደ ዕውር ጣት፣ ቀስ እያለ።
ቀሪዎቹን አሥራ ስድስቱን ኤልቪራ በእጇ ታያለች፤
እኔ ሌሊት ሌሊት እቆጥራቸዋለሁ።

ኦርቴንሲያ ወደ ገበያው ተመልሳለች። ግራ እጇ ትንሽ ይዘገያል።
ትናንት የዓሣ ራስ ለአንበሶቹ እየወረወረች
«አንተ ልጅ» አለችኝ፣ «ያ ሳጥንህ
ዓይኑን ገለጠ ወይስ ዓይን አወጣ?»
ዝናቡ ጃንጥላዬን ያንኳኳል።
እስካሁን አልመለስኩላትም።