አትንኩት

የምሠራው ፎቶ ቤት ነው፣ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ፊት፤
ሥራዬም ያው ፊት ነው፣ የሰው ፊት።
ጉርድ ፎቶ ፈላጊ ይገባል፣ ይቀመጣል፣
መብራቱ ብልጭ ሲል ፊቱን ትቶልኝ ይወጣል።
ከዚያ በኋላ እኔ፣ በማውሷ ጫፍ፣
ሙሽሪት ያፈረችበትን ብጉር አንድ በአንድ ሳረግፍ
ይመሻል።
በመስኮቱ መስታወት የራሴን ጉንጭ አየዋለሁ፤
የማላጠፋው እሱን ብቻ፤ እሱን ይዤው እገባለሁ።

ያላዘዘልኝ ሰው የለም።
ጎረቤታችን ጥሩዓለም
«ሎሚ ነው መድኃኒቱ» አለች፤ ሌሊቱን ሲያነደኝ አደረ።
አክስቴ ፌጦ ደቁሳ ለጠፈች፤ ዓይኔ ሳይቀር አረረ።
አንዱ የጥርስ ሳሙና፣ አንዷ የልብስ ሳሙና፣
ፊቴ ፊት መሆኑ ቀረና
መሰለ የክረምት ጎዳና።
እናቴ ደግሞ በየሳምንቱ አናቴን ቅቤ ትቀባለች፤
ቀልጦ ግንባሬ ላይ ሲወርድ «ወዝ ነው፣ ተይው» ትላለች።

በስንት ወረፋ፣ በስንት ካርድ፣ የቆዳ ሐኪሟ አየችኝ፤
ብዙ አልተናገረች፤ ጻፈችና ሸኘችኝ።
መድኃኒት ቤቱ ጠባብ ነው። ነጭ ጋውን የለበሰ ልጅ፣
ደረቱ ላይ የተጻፈ ስም፦
አትንኩት።
ስም ይሁን ምክር፣ መጀመሪያ አልለየሁት።

«ማታ ብቻ» አለኝ፣ «የአተር ፍሬ ታህል።
ሁለት አተር ብታደርጊ መዳኑ አይፈጥንም፤ መላጡ ይፈጥናል።
ቀድመሽ በለብታ ውኃ፣ ሽታ በሌለው ሳሙና
በጣትሽ ጫፍ ታጠቢ፤ ፊት ድስት አይደለምና።
በፎጣ አትፈትጊው፤ ጫን ጫን አድርገሽ አድርቂ፤
ሩብ ሰዓት ጠብቂ፤
ከዚያ መድኃኒቱን፣ በላዩ ልስልሱን ቅባት።
መጀመሪያ በሦስት ቀን አንዴ፤ ሲለምድሽ ሌት በሌት።
ጠዋት የፀሐይ መከላከያ፤ የማርቆስ ፀሐይ
የጮቄን ንፋስ ለብሳ ነው የምትወጣ፤
ቀዝቃዛ መስላ ነው ፊት የምትቀጣ።
ሲጀምር የባሰበት ይመስላል፤ ሦስት ወር ታገሺው።
እርግዝና ካሰብሽ ደግሞ ቀድመሽ ለሐኪሟ ንገሪ»
ሲል፣ እሱም ቀላ።
እኔማ ቀድሞም የቀላሁ ነኝ።

«ሎሚውስ?» አልሁት። «ለሰላጣ።»
«ፌጦውስ?» «ለሆድ።»
«ሲያብጥ ግን፣ በጥፍሬ ብገፋው?»
መልስ አልሰጠኝም።
ጣቱን ደረቱ ላይ አኑሮ ስሙን አሳየኝ።

በሁለተኛው ሳምንት እንደ ሽንኩርት ተላጥሁ፤
ደንበኛ ቀና ብሎ ሲያየኝ ከካሜራው ኋላ ተደበቅሁ።
ቱቦዋን አልጋ ሥር ወረወርኋት፤ ተኳርፈን ሰነበትን።
በአራተኛው ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ በስልኬ ብርሃን
በሆዴ ተስቤ አወጣኋት፤ አቧራዋን ጠረግሁ።
ሐኪሟ ጋ ደወልሁ፤ «በሳምንት ሁለቴ አድርጊው» አለችኝ። አደረግሁ።

እናቴን ማሳመን ነበር ከሁሉ የከበደው።
«ወዝሽን ማን ወሰደው?»
ብላ አኮረፈች። በኋላ ግን
ቅቤውን ለጸጉሬ ጫፍ ብቻ ቀብታ፣ ግንባሬን በሻሽ አሰረች፤
የትራሴንም ልብስ እሁድ እሁድ፣ ሳትጠየቅ፣ አጠበች።

አሁን ሦስት ወር ሆነኝ። አልጠራሁም ጨርሶ፤
አገጬ ላይ ሁለት አሉ፣ አንዱ ሊሄድ ጓዙን ለብሶ።
ግን ማታ ማታ፣ ሩብ ሰዓቷን ስጠብቅ፣
አንድ ነገር ይገባኛል፤
ስንት ዓመት ሙሉ ፊቴን እኔው ፊት ነሥቼው ኖሬያለሁ።
አሁን ፊት እሰጠዋለሁ፣
በአተር ልክ።

ትናንት ባንቺአምላክ የምትባል ተማሪ መጣች፣ ለፈተና መታወቂያ።
«እህቴ፣ ይችን ታጠፊልኛለሽ?» አለች፣ ጉንጯን እያሳየች፣
ጥፍሯን እያሾለች።
እኔም ሳላስበው፣ ከአፌ አምልጦ፣
ያን ሰው በስሙ ጠራሁት።
«ማንን ነው?» አለች፤ ዞራ በሩን አየች።
ጣቷ ግን ቆመ።