ከእግሩ ሥር ያለው

ከመልአኩ እግር ሥር፣ አንገቱን ተረግጦ፣
የወደቀው ሰይጣን፣ ጥርሱን አግጥጦ፣
አባቴ ነው።

ማቱራን ይሉታል፤ በናንት ወደብ ዳር
የጨው ጆንያ ሲያዝል፣ ከመርከብ ሲያሻግር
ዕድሜውን የፈጀ።
ግራ ትከሻው ላይ ያ የምታዩት ጉጥ፣
ምእመን እንደሚለው ክንፉ ሲቆረጥ
የቀረ አይደለም።
ጨው ነው ያበጀው፤ የሃያ ዓመት ጨው።

ያን ክረምት ሎዋር ወንዝ በረዶ ሆኖ ቆመ፤
ሥራ ጠፋ፤ ቤታችን ምድጃው ጨለመ።
አንድ ሰዓሊ መጣ፣ ቀይ ሻርፕ የጠመጠመ፤
«ጀርባህን አከራየኝ፣ በሰዓት አራት ሱ።»
እናቴ በጣቷ ዳቦ ስትቆጥር፣
ከሰዓሊው ሰገነት ወለቀ ልብሱ።

ለመልአኩ የቆመው የውል አዋዋዩ ልጅ ነው፣
ጉንጩ ኮክ፣ ጸጉሩ የሐር ነዶ የመሰለው።
ጦሩ የመጥረጊያ እንጨት፣ ብርማ ወረቀት የለበሰ፤
ክንፉ የዝይ ላባ፣ በሙጫ የታበሰ።
እግሩ ግን እውነት ነው፤ ባባቴ ማጅራት ላይ
በብርድ ይንቀጠቀጣል።
«ይቅርታ» ይለዋል ልጁ፣ ሰዓሊው ሳያይ።

ችግሩ ፊቱ ላይ መጣ።
ሦስት ጊዜ ሳለው፣ ሦስት ጊዜ ፋቀ፤
«ክፋት ፈልጌብህ ድካም ነው ያገኘሁ» ብሎ ተጨነቀ።
«እስቲ የምትጠላውን ሰው አስብ» አለው በመጨረሻ።

አባቴ አሰበ።
ሚዛኑን በአውራ ጣቱ የሚጫነውን ነጋዴ፣
ወንድሜን ቀብሮ የዋለበትን ቀን
ከደሞዙ የቆረጠውን።
ያኔ ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር ነደደ፤
ብሩሹም ሮጠ፤ ቀይ በጥቁር ላይ ወረደ።

የሥዕሉን ዋጋ የከፈለው ማን ነው?
ከክፈፉ በታች በወርቅ የተጻፈው?
ያው ነጋዴ ነው። ሙሴ ኬርጉኤል።

እሑድ እሑድ ከፊተኛው ወንበር ይቀመጣል፤
ቅዳሴው ሲጀመር ወደ ግራ ፈቀቅ፣
ወደ ቀኝ ፈቀቅ ይላል።
እዚያም ያየዋል። እዚህም ያየዋል።

መልአኩ ዓይኑን ሰማይ ላይ ሰቅሎ
የማንን አንገት እንደረገጠ አያውቅም፤
ሰዓሊው ነው ያዘዘው፣
«ሽቅብ እይ፣ ድል ሽቅብ ነው የሚያየው» ብሎ።

አባቴ ከኋላ ምሰሶ ተደግፎ ይቆማል፤
ወገቡ ለመንበርከክ እንቢ ይለዋል።
ካህኑ ጣታቸውን ቀስረው
«የክፉውን ፊት እዩ!» ሲሉ፣
ሕዝቡ ሁሉ ቀና ሲል፣
እኔ ዞር ብዬ አየዋለሁ፤
ቆቡን በግራ እጁ ይዞ
እንደ ሰው ሁሉ ያማትባል።