ሳይደፈርስ

ቢደፈርስ ኖሮ፣ ቢሸት፣ ቢከረፋ፣
እንደ ዳቦ ሻጋታ ጸጉሩን ቢያስፋፋ፣
ሄልዩ በማለዳ አንሥታ ባየችው፣
"አንተስ አበቃልህ" ብላ በረኪና ባጠጣችው፣
ያንድ ብልቃጥ ሞት፣ ያንድ ጧት ኀዘን ሆኖ በቀረ፤
ይኼኛው ግን እንደ ጠራ አራት ዓመት አብሮን ኖረ።

ሳይደፈርስ አይጠራም ሲባል እሰማለሁ፤
ሳይደፈርስ የከፋውን በምን አጠራዋለሁ?

ታርቱ ነን። ጥር ነው። ከመስኮቱ ማዶ ወንዙ በረዶ ለብሷል፤
የእኛ ሣጥን ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ላይ ይሞቃል።
ውስጡ ሕዋሶቹ፣ በሮዝ ውኃቸው ተኝተው፣
የጥጃ ደም ውኃ ጠጥተው።
የፓርኑ ዓሣ አጥማጅ ሚስት፣ ከሞተች ሠላሳ ዓመቷ፣
እዚህ ግን ይራባል ከጉበቷ የተቆረጠ እብጠቷ።
ስሟን በሁለት ፊደል፣ በአንድ ቁጥር ለወጥንባት፤
እኔም በቁራጯ ላይ መመረቂያዬን ጻፍኩባት።

መድኃኒቴ ሲነካቸው እድገታቸው ዝግ አለ፤
ቁጥሩ ተደመረ፣ ቁጥሩ ተካፈለ፤
ከሥዕሉ ራስ ላይ ሦስት ኮከብ ሰቀልኩበት፤
ሪጋ ላይ አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨበጨበለት።

ዝግ ያደረጋቸው ሌላ ነው፤ ከጎናቸው ተጠግቶ
ከማዕዳቸው ይቃመስ ነበር፣ ሳያንኳኳ ገብቶ።
ፔኒሲሊን ግድግዳ ያፈርሳል፤ ጀግንነቱ ይኼው ነው፤
ግድግዳ የሌለውን ታዲያ ምኑን ያፍርሰው?
ማጣሪያውም፣ ጠባብ ነው ብለን የተማመንበት፣
በር ሆኖ ቆየው፤ ጎንበስ ሳይል አለፈበት።

ዓርብ ማታ ካይሪት፣ ገና ሦስት ወሯ ነው ከመጣች፣
"ለልምምድ" ብላ አንዱን ብልቃጥ ቀለም ቀባች።
ከጨለማው ክፍል ጠራችኝ፤ "ና እስቲ፣ ይኼ ምንድን ነው?"
አጎነበስኩ። አስኳሎቹ ሰማያዊ፤ ደግ ነው።
በዙሪያቸው ግን፣ ጨለማ ሊሆን በሚገባው ቦታ፣
እልፍ ነጥብ ይበራል፣ ያለ ሥርዓት፣ ያለ ተርታ።
ኮከቦቼ!
ለካ እዚህ ነበሩ።

ሰኞ ከታሊን መልስ መጣ። ስሙ ማይኮፕላዝማ፤
ካይሪት አነበበች፣ ሁላችን ስንሰማ፤
"ከጥጃው አይደለም። የሰው አፍ ውስጥ ነው ኑሮው።"
ማንም ማንንም አላየ፤ ሁሉም ወለሉን ነው ያየው።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሄልዩ፣ ጭምብሏ ከአገጯ ወርዶ፣
ታዋራቸው ነበር፤ "ብሉ፣ ዛሬ ውጪው ሁሉ በረዶ፤
ድንች ተወደደ፤ ልጄ ከኦውሉ አልደወለም..."
ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ የሄደ እስትንፋስ አይመለስም።

እርሷ ናት ያለ የለም። የእኔስ አፍ የት ነበረ?
በዚያው ኮፈን ሥር ስንቴ ሳለ፣ ስንቴ በስልክ ተከራከረ?

ብልቃጦቹን በእንፋሎት ቀቀልናቸው። ለመጽሔቱ
ደብዳቤ መጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤
"ተሳሳትኩ" የሚለው ቃል ላይ ጣቴ እንቢ አለኝ።

ከናይትሮጂኑ ጋን ሥር አንዲት ጠርሙስ ተገኘች፣
በሄልዩ እጅ ቀን የተጻፈባት፣ ካለን ሁሉ የቀደመች።
ንጹሕ ትሁን አትሁን ለማወቅ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ነው።
ዛሬ ዘጠነኛ ቀን። በክፍሉ የሚሰማው ማራገቢያው ብቻ ነው።
ሄልዩ ጭምብሏን እስከ ዓይኗ ሥር ስባ
ዝም ብላ ታጎርሳታለች፣ አራስ እንደምታጠባ፤

ከንፈሯ ግን ከጨርቁ ሥር ይንቀሳቀሳል።