አሥራ አንድ ደቂቃ

ናዋላፒቲያ፣ ማክሰኞ ሲመሻሽ፣
ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ ካለችው አዳራሽ፣
አርባ ዓመት ሙሉ ባቡር አሳልፎ
ዊማላሴና ገባ፣ ጫማውን አራግፎ፤
ትንፋሹን ሊጠብቅ።

መነኩሴው ወጣት ናቸው፣ የልጅ ልጁ እኩያ፦
«መግባቱን እወቁት፣ እወቁት ሲወጣ፤
አትጥሩት ቢዘገይ፣ አትግፉት ቢመጣ።»

እሱ ግን በሆዱ ባንዲራ ያወጣል፤
አረንጓዴ፣ ቀይ፤ ሰዓት ይመዘግባል።
ጉልበቱን ቆረጠመው። ቢምቢዋ አልተወችው።
ድንገት ከሻዩ ተራራ ግርጌ — ፊሽካ!
«አሥራ አንድ ደቂቃ ዘገየ!» አለ፣ ጮክ ብሎ ለካ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሳቁ።

ከዚያ ዝም። ዝናብ በቆርቆሮው ላይ።
አንዲት ትንፋሽ መጣች፣
ባንዲራ ሳታይ
አለፈች፤
መዝገቡ ላይ የለችም።