ሌላ (ይገለጽ)

ሰኔ ነው፤ ጅማ ላይ ዝናብ አያባራም፣
ቆርቆሮው ሲንጫጫ ሰው ከሰው አይሰማም።
የተቋሙ መጋዘን ሻጋታ ይሸታል፤
አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤተሰብ
በካርቶን ተኝቷል።
ቁጥሩን እኔ ጻፍኩት፣ በማርከር፣ በቀይ፣
ካርቶኑ ጎን ላይ።

ተማም እባላለሁ፤ መረጃ ሰብሳቢ፤
የሰው በር አንኳኪ፣ የሰው ጓዳ አንባቢ፤
ቀን በአበል የምውል፣ ማታ ቆጥሬ አዳሪ፣
ስድስት ቅጽ ካልሞላሁ አይፈርምልኝም ተቆጣጣሪ።

አዌቱን ተሻግሬ፣ ቆጪ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣
ቤት ቁጥር አሥራ ሰባት። በሩ ክፍት ነው። «ግባ።»

መርዲያ አባ ዱራ፤ ዕድሜ፦ «በግምት ሃምሳ»፤
ጎመን እየቀነጠሰች፣ ዐይኗን ሳታነሳ።
«ስምሽ በምስጢር ይያዛል» አልኳት ጠንቅቄ፤
«ይጻፍ በትልቁ! ምን ሰርቄ?»
ቀጠለች፦ «አራት ዓመት ሆነው፤ አንዲት ልጅ መጥታ
ይህንኑ ጠይቃኝ፣ ይህንኑ ሞልታ
ሄደች። መልሴ የት ደረሰ?»
እስክርቢቶዬ ነጠፈ መሰለኝ፤ ወረቀቴ ራሰ።

ጥያቄ ሦስት፦ «እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?»
«ሰባት» አለች። ቆየች። «ሰባትም ይባላል።
ስምንተኛዋ ኬርያ፤ ጅዳ ነው ሥራዋ፤
ያውና ፎጣዋ፣ ያውና ነጠላ ጫማዋ፣ ያውና መኝታዋ።»

የቅጹ መመሪያ አጭር ነው፣ አይታማም፦
ከስድስት ወር በላይ የተለየ ሰው ቤተሰብ አይባልም።
ነገርኳት።
«ማን ነው እንዲህ ያለው? ልጅ ወልዶ ያውቃል ወይ?
ወይስ እሱም እንዳንተ በወረቀት ነው የሚያይ?»

ጥያቄ አሥራ አራት፦ ገቢ። «ቡና ለቀማ፣ ጉሊት፣
እሷ የምትልከው... የላከች ዕለት።»
«የመጨረሻው መቼ ነው?» አልኩ። አራት ሣጥን አለኝ፦
ባለፈው ወር፣ ባለፈው ዓመት፣ ከዚያ በፊት፣ አላውቅም።
የእሷ መልስ ከአራቱም አይገጥምም፦
«የመጨረሻ አትበለው።»

ለዝምታ ኮድ አለን፤ ዘጠና ዘጠኝ።
እጄ ሊጽፍ ሄደና መንገድ ላይ ደከመኝ።
«ሌላ (ይገለጽ)» የሚል አንዲት መስመር አለች፣
ከቅጹ ግርጌ ላይ፣ ከጣቴ ያጠረች።
እዚያ ጻፍኩ። ሞላች። ወደ ጠርዙ ዞርኩ፤
ጠርዙም አለቀብኝ፤ ጀርባውን ገለበጥኩ፤
ስለ ፎጣው ጻፍኩ፣ ስለ ሚስማሩ ዝገት፣
ከደጅ እግር ሲሰማ ስለምታቆመው አንገት።

ወይንሸት ኮምፒውተር ላይ ናት፣ ጣቷ እንደ ዝናብ ፈጣን፤
«ጠርዝ የሚገባበት ዓምድ የለኝም» አለችኝ በሐዘን።
አልዋሸችም። ፈለግን። ሁለታችንም አጣን።

በኦሮምኛ የሰማሁት፣ በአማርኛ የጻፍኩት፣
በእንግሊዝኛ ታተመ፣ በአረንጓዴ ሽፋን፣ በጥራት።
ገጽ አርባ ሦስት፦ አማካይ የቤተሰብ ብዛት
አምስት ነጥብ ሁለት።
ቁጥሩ ልክ ነው። እኔም ደምሬው ዐየሁት።
ግን ማታ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ያቺ ነጥብ ሁለት
አታስተኛኝም፤
ከአንድ ሰው አንድ አምስተኛ ምን ይሆናል?
ፎጣ፣ ነጠላ ጫማ፣ አንድ ሚስማር...
እኔ ኬርያ ናት እላለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ዛሬ ያለ አበል ሄድኩ። ሪፖርቱን በላስቲክ ጠቅልዬ፣
እስከ ወፍጮ ቤቱ በባጃጅ፣ የቀረውን በጫማዬ።
«መልስ አመጣህ?» አለች። ምላሴ ታሰረ፤
በሷም ቋንቋ በእኔም መልስና መመለስ
ከአንድ ሥር ነው የበቀለ፤ የቱን እንዳለች በምን ይታወቅ ነበረ?
ገጹን ገለጥኩላት። «እኔ የቱ ጋ ነኝ?»
ጣቴን ነጥብ ሁለቷ ላይ አሳረፍኩ። ዐየችኝ።

ዝናቡ በረታ። «እስኪያባራ ተቀመጥ።»
ከግድግዳው ጥግ የተጠቀለለ ፍራሽ ነበረ፤ ልቀመጥ
ጎንበስ ስል፣ ክንዴን ያዘች፣ በቀስታ፣ በጉልበት፦
«እዚያ አይደለም» አለች፤ «እዚያ ሰው አለበት።»