ምናገባኝ

የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ዘርጋው
ወንበር ተሰጥቶት መቀመጥ አቃተው፤
ስፍራው ያስቸግራል ውሻው የነከሰው።
ቀዳዳ ሱሪውን በፌስታል ይዞታል፣
የአምስት መርፌ ደረሰኝ አብሮ ቋጥሮበታል።

"ክብርት ዳኛ" አልኩኝ ድምፄን አለስልሼ፣
የልጄን የሠርግ ኮት ለልደታ ለብሼ፤
"ውሻው የኔ አይደለም። የሠራተኛ ሰፈር
የመንገድ ውሻ ነው፤ ከወፍጮ ቤቱ በር
ሲያሻው እዚያ ያድራል፣ ሲያሻው ከኔ አጥር።
አጥንት እጥላለሁ፣ አልዋሽም፤ ታዲያስ?
አጥንት የጣለ ሁሉ ቆሞ ይከሰስ?"

ጻፈች፣ ጻፈች፣ ጻፈች።
ብዕሯን አሳርፋ "ስሙስ?" ብላ ጠየቀች።

"ምናገባኝ" አልኩ።

ችሎቱ በሣቅ ፈረሰ፤ ፖሊሱ ቀረበኝ፤
"ችሎት መድፈር ነው ይሄ!" ዳኛዋ ገሠጸችኝ።
"ኧረ ስሙ ነው እመቤቴ! እኔው ያወጣሁት፤
አጥሬን የገፋ ጎረቤት ይስማ ብዬ ያልኩት፤
ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ማታ ማታ፣ በሬ ላይ ቆሜ የምጠራው…"

እዚህ ላይ ምላሴን ነከስኩት።

"'አምልጦኝ ነው' አያድንም፤ 'ለማዳ ነው' አያድንም" አለች፣
"ሰንሰለቱን ረስተው ስሙን ግን አልረሱም።"
ጸሐፊዋ ከስሜ ጎን "የውሻው ባለቤት" ብላ ከተበች።

ዘርጋው አልሳቀም።
ከአንድ እግር ወደ አንድ እግር እየተዛወረ፣
"ደሜ ደመ ከልብ ሆኖ አይቅር" ያለበትን ክስ
አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

ማታ ቤት ስደርስ፣ ጭራውን እየቆላ በሩን ጫረ።
ልጠራው አፌን ከፈትኩ፤
ስሙ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።